ፒልስ ስጀምር ሊነገረኝ ይገባ የነበረው

ፒልስን፣ ማለትም በየቀኑ የሚዋጠውን የእርግዝና መከላከያ፣ ማግኘቱ አያስቸግርም። አያት ሰፈርም ሆነ ጣፎ፣ ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል፤ መድኃኒት ቤትም ይሸጣል። የእኔ ማሸጊያ 28 ፍሬ አለው፦ 21ዱ ሆርሞን ናቸው (ሌቮኖርጀስትሬል 0.15 እና ኢቲኒል ኢስትራዲዮል 0.03 ሚሊ ግራም)፣ 7ቱ ቡናማዎች ብረት ብቻ። የወር አበባ የሚመጣው በቡናማዎቹ ሳምንት ነው።

ያናደደኝ በመድኃኒት መስጫው መስኮት የሚሰጠው ምክር ነው። «በቀን አንድ፣ አትርሺ» ተብሎ አለቀ። ከወር አበባ ውጪ ጠብ ጠብ ስለሚለው ደም ስጠይቅ «ይለመዳል» ተባልኩ። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ይለመዳል፤ ሆርሞኑ የማህፀንን የውስጥ ሽፋን እያሳሳው ስለሆነ ነው። ግን ማንም ያልጨመረው ነገር አለ፦ ደም አየሁ ብሎ መሃል ላይ ማቋረጥ ደሙን ያብሰዋል፣ እርግዝናም ሊያመጣ ይችላል። ሰዓት ማዛባትና ፍሬ መዝለልም ያደማሉ። ከ3 ወር ካለፈ፣ ወይም ተረጋግቶ ቆይቶ እንደገና ከጀመረ፣ እርግዝናና ኢንፌክሽን ይመርመር። የሌላ መድኃኒት ነገርም አለ፦ የቲቢው ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታዎቹ ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ጉበት ሆርሞኑን ቶሎ እንዲያፈርስ ያደርጋሉ። ያኔ ደሙ መከላከያው እየሳሳ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። «ሌላ የምትወስጂው አለ?» ብሎ መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ለማቅለሽለሹ ከእራት በኋላ፣ ምሽት 2 ሰዓት ላይ መዋጥ ይሻላል። በጾም ወቅት ጠዋት በባዶ ሆድ መዋጥ ራስን መቅጣት ነው። ከዋጥሽ በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰሽ ሌላ የሆርሞን ፍሬ ወዲያው ዋጪ።

ቡና ጠጪዎች ደግሞ ይህን ስሙ፦ በፒልሱ ያለው የኢስትሮጅን ሆርሞን (ኢቲኒል ኢስትራዲዮሉ) የቡናው ካፌይን ከሰውነት የሚወጣበትን ፍጥነት ይቀንሳል። አቦል፣ ቶናና በረካ ተከታትለው ልብ ሲያስመቱና እንቅልፍ ሲነሱ ጥፋቱ ሁሉ የፒልስ ይመስላል። እኔ በረካውን ትቻለሁ። ቡናማዎቹንም ከቡናና ከሻይ አርቄ ነው የምውጠው፤ ብረቱ እንዳይገባ ያግዱታል። «ማህፀን ያደርቃል» የሚለው የቡና ላይ ወሬ ግን ከንቱ ነው፤ ሲቆም የመውለድ አቅም ይመለሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የደም ግፊት መለኪያ ከሌለ ሴቲቱ አትከልከል ይላል። እዚህ ግን አልስማማም፤ መለኪያ በየመድኃኒት ቤቱ ሞልቷል። ሳትለኪ አትጀምሪ። 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ 35 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኖሽ የምታጨሺ ከሆነ፣ ዓይን ላይ ብልጭታ የሚያመጣ ማይግሬን ካለብሽ፣ ወይም ከ6 ወር በታች ልጅ የምታጠቢ ከሆነ ሌላ ዓይነት መከላከያ ጠይቂ።

አንድ ባት ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ደረት ድንገት ከወጋ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ እይታ ከደበዘዘ ወይም ከዚህ በፊት የማታውቂው ከባድ ራስ ምታት ከመጣ፣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ቀጣዩን ፍሬ ሳትውጪ በቀጥታ ሆስፒታል ሂጂ። ከቤተሰብ ደብቀሽ የምትወስጂ ብትሆኚ እንኳ፣ ለሐኪሙ መጀመሪያ የምትነግሪው ፒልስ እንደምትወስጂ ይሁን፤ በወጣት ሴት ላይ የረጋ ደም ቶሎ አይጠረጠርም።