ቅጥራኑ የበላው ቁጠባ

ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ያለው ቤታችን የመብራት መስመር አልደረሰውም። የቤንዚኑ ጄኔሬተር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ይጠጣል፤ ጓሮዬን ደግሞ ባሕር ዛፍ ሞልቶታል። እንጨቱን ወደ ጋዝ ለውጬ ሞተሩን ላስነሣ ወሰንኩ። እንጨቱ በጥቂት አየር እየነደደ ጋዝ የሚሆንበትን በርሜል አስበይጄ፣ ማቀዝቀዣ ቱቦና የሰጋቱራ ማጣሪያ አስገጥሜ በሦስት ሳምንት ጨረስኩ።

ያቃጠለኝ እንጨቱ ነው። ያሠለጠኑን የመንግሥት ባለሙያ «እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ይበቃል» አሉን። እንዴት እንደሚለካ ብጠይቃቸው «በዓይን ይታወቃል» ብለው አለፉኝ። አምኜ ተቀበልኩ፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም ይኸው ነው። ከተቆረጠ ሁለት ወር የሆነው ፍልጥ ላዩ ተሰነጣጥቆ ስላየሁት ደርቋል ብዬ ሞላሁት። ሞተሩ ተነሣ፣ ቤቱ በራ፣ ልጆቼ እልል አሉ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ሞተሩ አልዞር አለ። መካኒኩ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ሲያወርደው የአየር ማስገቢያው ቫልቭ በጥቁር ቅጥራን ተጣብቋል፤ የሚገፋው ዘንግም ጎብጧል። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን ውኃ በማትነን ይጨርሰዋል። በርሜሉ ውስጥ ያለው ጠባቡ የእሳት ጉሮሮ 1000 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ ከእንጨቱ የሚወጣው ቅጥራን ሳይሰባበር ከጋዙ ጋር ያልፋል፣ ሞተር ውስጥ ሲቀዘቅዝም ሙጫ ይሆናል። ያንኑ ፍልጥ አንድ ኪሎ መዝኜ ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ አሳደርኩት፤ ጠዋት 690 ግራም ሆኖ ተገኘ። 31 በመቶው ውኃ ነበር! ይህን መለኪያ አስቀድሞ ለማወቅ አንድ ሚዛን ይበቃኝ ነበር። ለጥገናው ያወጣሁት ገንዘብ ከሦስት ወር የቤንዚን ወጪዬ በለጠ።

አሁን ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት ያለውን አላስገባም፤ መመሪያው የፈለገውን ይበል። በጥቅምት የፈለጥኩትንም ከጥር በፊት አልነካም።

ሒሳቡን ልንገራችሁ። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ደረቅ እንጨት ይበቃል። ነገር ግን በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ የእንጨት ጋዝም ከቤንዚን ይደክማል። ሦስት ኪሎዋት የተጻፈበት ጄኔሬተሬ አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም። ከዚያ በላይ የሚበላው ጉልበት ነው፤ ፍልጡ የክብሪት ሳጥን እስኪያክል መከተፍ አለበት። ይህን በቀን ሠራተኛ ካሠራሁ ከቤንዚኑ የተረፈኝ አብዛኛው እዚያው ያልቃል። ማታ ሁለት አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ ይዞ ማደርም አያዋጣም፤ እሳቱ ይበርድና ቅጥራኑ ይመለሳል። እኔ ሁለት ሰዓት በሙሉ ኃይል አሠርቼ ባትሪ እሞላበታለሁ። የውኃ ፓምፕ ወይም የእንጨት ሥራ ማሽን የሌለው ሰው የፀሐይ ሰሌዳ ይግዛ።

ባለሙያው ማሽኑን ዝናብ እንዳይነካው «ክፍል ውስጥ አስቀምጡት» ያሉትን ግን በፍጹም አትስሙ። ከጋዙ አንድ አምስተኛ ያህሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። የእኔው ከቤት ርቆ፣ ግድግዳ በሌለው ዳስ ሥር ቆሟል።