ሳውዝ ቤንድ፦ ስታዲየሙና ፋብሪካው

ከቺካጎ በሳውዝ ሾር ባቡር ተሳፍሬ ኢንዲያና ግዛት ወደምትገኘው ሳውዝ ቤንድ የሄድኩት በጥቅምት ወር፣ ጨዋታ በሌለበት ሳምንት ነበር። ብዙ ሰው ወደዚያች ከተማ የሚጓዘው የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲን የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ለማየት ነው፤ እኔን የወሰደኝ ግን በሒሳብ ሙያ በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ከአእምሮዬ ያልወጣ፣ የከተማዋ መኪና ፋብሪካ ስቱድቤከር ለባለአክሲዮኖቹ የከፈለው አንድ የትርፍ ክፍፍል ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስቱድቤከር በ1852 ሁለት ወንድማማቾች በዚህች ከተማ ከከፈቱት የብረት ቀጥቃጭ ቤት ተነሥቶ፣ በሠረገላ ሥራ ገንኖ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ወደ መኪና የዞረ ኩባንያ ነው። በስሙ በተሰየመው ሙዚየም አብርሃም ሊንከን በጥይት በተመታበት ምሽት ወደ ቲያትር ቤት የሄደበት ሠረገላ ይታያል። እኔ ግን የመጣሁት ሮክኒ የተባለችውን መኪና ታሪክ ፍለጋ ስለነበር እዚያ ብዙም አልቆየሁም።

ክኑት ሮክኒ ኖትር ዳምን ከ1918 እስከ 1930 አሠልጥኖ 105 ጨዋታ ያሸነፈ፣ በ12 ብቻ የተረታ፣ በ5 አቻ የወጣ ሰው ነው። ተጫዋቾቹን በንግግር የማነሣሣት ችሎታው የስቱድቤከርን አለቆች ስለማረካቸው፣ የኩባንያውን መኪና ሻጮች እንዲያበረታታ ቀጠሩት። ማርች 31 ቀን 1931 ካንሳስ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በስሙ የተሰየመችው ርካሽ መኪና ገበያ ላይ የዋለችው ከሞቱ በኋላ፣ ሥራ አጥነት በበረታበት በ1932 ነበር፤ ዋጋዋ ከ585 ዶላር ቢጀምርም ከ1933 አላለፈችም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ስታዲየሙ ሄድኩ። በ1930 የተከፈተው ግንብ ኋላ በተጨመረው አዲስ ግንብ ተከቦ ስለሚገኝ፣ የድሮው የውጭ ግድግዳ ዛሬ በመተላለፊያው ውስጥ ሆኖ ይታያል። እጄን ጡቡ ላይ አሳርፌ ስለ አከፋፈሉ አሰብኩ። ስታዲየሙ ከ750,000 ዶላር በላይ ፈጅቷል፤ ገንዘቡ የተገኘውም ቡድኑ በየዓመቱ ካጠራቀመው ገቢና ለዓመታት አስቀድመው ከተሸጡ የክብር መቀመጫዎች ነው። ግንባታው እስኪያልቅ በ1929 ቡድኑ በሜዳው አንድም ጨዋታ ሳያደርግ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ተጫውቶ ሳይሸነፍ ተመለሰ። ገንዘብ በእጅ ከገባ በኋላ ግንብ የሚያነሣ አሠራር ለእኔ ከዋንጫው በላይ ያስከብራል።

በዚያው ከተማ፣ በዚያው ጊዜ፣ ፋብሪካው የተገላቢጦሹን መንገድ ሄዷል። ከ1915 ጀምሮ ስቱድቤከርን የመራው አልበርት ኧርስኪን የእግር ኳሱ ወዳጅ፣ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ቡድን ዋንጫ ያቋቋመ ሰው ነበር። በ1930 ኩባንያው ያገኘው የተጣራ ትርፍ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ለባለአክሲዮኖች የተከፈለው 7.8 ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ ማለትም ከትርፉ አምስት እጥፍ ነበር። ኧርስኪን የገበያው መቀዝቀዝ ቶሎ እንደሚያልፍ ያምን ነበርና በ1931ም ከካፒታል እየቀነሰ መክፈሉን ቀጠለ። የትርፍ ድርሻ ተብሎ የሚከፈለው ገንዘብ ትርፍ አልነበረም፤ ለብረት፣ ለቀለም፣ ለደመወዝ የሚያስፈልገው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ነበር። እኔ በቦታው ሆኜ ቢሆን ያን ክፍያ የሚፈቅድ ደብዳቤ መፈረም አይቻለኝም ነበር።

በ1932 ጥሬ ገንዘብ የነበረውን፣ ክሊቭላንድ የሚገኘውን ዋይት የጭነት መኪና አምራች ለመጠቅለል ተሞከረ፤ ነገር ግን የዋይት አናሳ ባለአክሲዮኖች ስለተቃወሙ ገንዘቡ ላይ እጅ ሊደርስ አልቻለም። በማርች 1933 ኩባንያው በፍርድ ቤት በተሾሙ አስተዳዳሪዎች እጅ ገባ፤ ጁላይ 1 ቀን ኧርስኪን ራሱን አጠፋ። በኩባንያው ኃላፊዎች በሃሮልድ ቫንስና በፖል ሆፍማን አመራር ያንሠራራው ፋብሪካ ሌላ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆየ፤ በሳውዝ ቤንድ ምርቱ የቆመው በዲሴምበር 1963 ነው።

ወደ ባቡሩ ከመመለሴ በፊት የመኪና አካል ይገጠምበት ወደነበረው ባለ ስድስት ፎቅ የጡብ ሕንፃ ጎራ አልኩ። አሁን ቢሮዎች ገብተውበታል። ረዣዥሞቹ መስኮቶች የምሽቱን ብርሃን ይዘው ነበር፤ በአንዱ ፎቅ መብራት በርቶ ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግተው ይሠሩ ነበር።