የፈረንሳይና የጀርመን ወይን፦ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ እየለመድኩ ነው

ወይን የምታጠኑ ከሆነ ፈረንሳይንና ጀርመንን ጎን ለጎን ያዟቸው። ለየብቻ ስይዛቸው ሁለቱም የስም ክምር ሆነውብኝ ነበር። አንድ ላይ ሳነባቸው ግን ልዩነቱ ጎልቶ ወጣ። ፈረንሳዮች በአብዛኛው ደረጃ የሚሰጡት ለቦታው ነው። የጀርመን የ1971 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሕግ ደግሞ ደረጃ የሚሰጠው ፍሬው ሲለቀም ምን ያህል ስኳር ይዟል በሚለው ነው። ይቺን ከያዛችሁ ሌላው ቀስ እያለ ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ከፈረንሳይ ልጀምር። እዚያ ብዙው ጠርሙስ ላይ የወይኑ ዝርያ አይጻፍም፤ የሚጻፈው የአካባቢው ስም ነው። ለእኛ ይህ ብርቅ ሊሆንብን አይገባም። ይርጋጨፌ ወይም ሐረር ብለን ቡና ስንገዛ ስለ ዝርያው ማን ይጠይቃል? ስለዚህ ዝርያውን በቃል መያዝ ግድ ነው። ቡርጎኝ ከሚባለው አካባቢ የሚመጣው ቀይ ወይን ፒኖ ኗር ነው፤ ነጩ ሻርዶኔ። ሻብሊም ሻርዶኔ ነው። ነጭ ሳንሴር ሶቪኞን ብላን። አልዛስ ብቻ ከጀርመን ጋር ስለሚዋሰን ይሁን በልማድ፣ ሪዝሊንግም ሆነ ጌቩርትስትራሚነር ዝርያውን ፊት ለፊት ይጽፍላችኋል።

የቦርዶ አካባቢ ወይን ደግሞ የዝርያዎች ድብልቅ ነው። ከወንዙ በስተግራ፣ ሜዶክ በሚባለው በኩል፣ መሬቱ ጠጠር ይበዛበታል። ጠጠር ውሃ አይቋጥርም፣ ሙቀትም ይይዛል። ዘግይቶ ለሚበስለው ካቤርኔ ሶቪኞን ይህ ይስማማዋል። በስተቀኝ፣ በሳንት ኤሚሊዮንና በፖምሮል፣ ቀዝቀዝ ያለ ሸክላ አፈር ስላለ ቶሎ የሚበስለው ሜርሎ ያይላል። የሁለቱን ዝርያዎች ልዩነት ምላሳችሁ እንዲለምድ ከፈለጋችሁ ለቦርዶ ብር አታውጡ። ባቱ ላይ የሚመረተውን ሪፍት ቫሊ ሜርሎና ካቤርኔ ጎን ለጎን ቅመሱ። አፈሩና አየሩ ሌላ ነው፤ ዝርያውን ለመለየት ግን ይበቃል።

ደረጃው ላይ ስንመጣ ቦርዶ «ፈረንሳይ ለቦታ ነው የምትሰጠው» ካልኩት ያፈነግጣል። በ1855 ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ናፖሊዮን 3ኛ ዝርዝር አስወጣ። የወይን ደላሎቹ ቤቶቹን፣ ማለትም ሻቶዎቹን፣ በሚሸጡበት ዋጋ መሠረት በአምስት ደረጃ ደረደሯቸው። ዝርዝሩ እስከ ዛሬ ይሠራል። ዋናው ለውጥ በ1973 ሙቶን ሮትሺልድ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ መውጣቱ ነው። ደረጃው የቤቱ ስለሆነ አንድ ሻቶ በዚያው አካባቢ ተጨማሪ መሬት ቢገዛ ደረጃው አብሮት ይሄዳል። እኔ በበኩሌ የድሮ ደላሎች ዋጋ ዛሬም ዋጋ መወሰኑ ይገርመኛል። ፖምሮል ደግሞ ምንም ዓይነት ደረጃ የለውም፤ ግን ፔትሩስን የሚያህል ውድ ወይን የሚወጣው ከዚያ ነው።

ቡርጎኝ ግን እውነትም የመሬት ነገር ነው። ከታች የክልሉ ስም፣ ከዚያ የመንደሩ፣ ከዚያ ፕርሚዬ ክሩ የሚባሉት የተሻሉ ማሳዎች፣ ከላይ ግራን ክሩ የሚባሉት ምርጦቹ። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። ዠቭሬ የሚባለው መንደር በ1847 የዝነኛ ማሳውን የሻምበርታንን ስም ከራሱ ስም ጋር ቀጠለ። ስለዚህ «ዠቭሬ-ሻምበርታን» የመንደር ወይን ነው። «ሻምበርታን» ብቻ ከተባለ ግን ግራን ክሩ ነው፤ ዋጋውም ሌላ ዓለም ነው። ሌላም አለ። ክሎ ደ ቩዦ የተባለው ግራን ክሩ ወደ 50 ሄክታር ገደማ ሆኖ ባለቤቶቹ 80 አካባቢ ናቸው። ሁሉም ያንኑ ስም ይለጥፋሉ። ጎበዙም ሰነፉም ማለት ነው። ስለዚህ ቡርጎኝ ላይ ከማሳው ስም እኩል የአምራቹን ስም ማየት ነው።

ወደ ጀርመን። የስኳሩ መሰላል ከታች ወደ ላይ ካቢኔት፣ ሽፔትሌዘ፣ አውስሌዘ፣ ቤረንአውስሌዘ፣ ትሮከንቤረንአውስሌዘ እያለ ይወጣል። የመጨረሻው እዚያው ተክሉ ላይ ከደረቀ ፍሬ አንድ በአንድ እየተመረጠ የሚለቀም ነው። አይስቫይን ለብቻው ነው፤ ፍሬው ቢያንስ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ላይ በረዶ ሆኖ ይለቀማል፣ እንደዚያው ይጨመቃል።

ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ጋ ነው። መሰላሉ የሚለካው ፍሬው ውስጥ የነበረውን ስኳር እንጂ ብርጭቆ ውስጥ የቀረውን አይደለም። እርሾው ስኳሩን ሁሉ ወደ አልኮል ከቀየረው ሽፔትሌዘም ድራይ፣ ማለትም የማይጣፍጥ፣ ይሆናል። ያኔ «ትሮከን» የሚል ታገኛላችሁ። ካልተጻፈ የአልኮሉን መጠን እዩ። ሞዘል ከሚባለው የጀርመን አካባቢ የመጣ ሪዝሊንግ ሆኖ 8 በመቶ ከሆነ ጣፋጭ ነው፤ 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ድራይ ነው። ይህን ከየትኛውም ሕግ በላይ ተጠቅሜበታለሁ።

የ1971ዱ ሕግ ሌላ ጣጣም አለው። ፒስፖርተር ጎልድትሮፕፍሸን ሞዘል ላይ ያለ የታወቀ ማሳ ነው። ፒስፖርተር ሚሸልስበርግ ደግሞ የብዙ መንደር ወይን የሚገባበት ሰፊ አካባቢ ነው። አጻጻፋቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ በማየት ብቻ አይለዩም። ይህ በግልጽ ገዢውን ማደናገር ነው።

ለዚህ ይመስለኛል በ1910 የተመሠረተው ቪዲፒ የሚባለው የአምራቾች ማኅበር የራሱን የቡርጎኝ ዓይነት መሰላል የሠራው። የማኅበሩ ምልክት ክዳኑ ላይ ያለው ንስር ነው። ከምርጡ ማሳ የመጣውን ድራይ ወይን ግሮሰስ ጌቬክስ ይሉታል። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ስኳር ማግኘት እንደ ድሮው ብርቅ መሆኑ ቀረ፤ መለኪያውም ጉልበቱ ላላ። የ2021ዱ አዲስ ሕግም ቦታው በጠበበ ቁጥር ደረጃው ከፍ ይላል ወደሚለው አዘንብሏል።

ቀጥሎ ማድረግ የምፈልገው ከአንድ አምራች ካቢኔቱንና ግሮሰስ ጌቬክሱን ጎን ለጎን መቅመስ ነው። እዚህ ገበያ ላይ ሁለቱን አንድ ላይ አላገኘሁም። ከፍራንክፈርት የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ ንገሩኝ። ሻንጣው ለሁለት ጠርሙስ ቦታ ካለው እናዋጣለን።