ተጎታቹን ያልጠየቀው መጠይቅ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጋሼ ብዬ የምጠራቸው የአገሬ ሰው ከአንድ ፈጣን የቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ደወሉልኝ። ሁለታችንም የምንሠራው አሜሪካ ውስጥ የውኃ መስመር በሚዘረጋና በሚጠግን ድርጅት ነው። እኔ የተሽከርካሪ ግዥና ስምሪት ዕቅድ አዘጋጃለሁ፣ እርሳቸው ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገሉ የጥገና ቡድን መሪ ናቸው። የያዙት የኤሌክትሪክ ፒክአፕ አነስተኛ ኤክስካቫተር የጫነ ተጎታች አስሯል፤ ባትሪው 14 በመቶ ላይ ደርሷል፤ ቧንቧ ወደ ፈነዳበት ሰፈር ለመድረስ ገና 40 ማይል ይቀራቸዋል።

«ልጄ፣ ይህ ቦታ የተሠራው ለቤት መኪና ነው» አሉኝ። «ተጎታቹን ካልፈታሁት ገመዱ አይደርስልኝም። ልፍታው ብል ደግሞ የት ላቁመው?»

የፒክአፑ የቻርጅ መሰኪያ ፊት ለፊት፣ ከግራው ጎማ በላይ ስለሆነ መኪናው በአፍንጫው ገብቶ መቆም አለበት፤ እንዲያ ሲቆም ግን ተጎታቹ የሌሎቹን መተላለፊያ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ስለዚህ ጋሼና ረዳታቸው በረዶ በጋገረበት ተዳፋት ላይ ተጎታቹን ፈቱ፤ እንዳይንሸራተት ከጎማዎቹ ሥር ሽብልቅ አስገቡ፤ ረዳቱ ኤክስካቫተሩን እየጠበቀ ውጭ ቆመ። ባትሪው ቀዝቅዞ ስለነበር ኃይል የሚቀበለው በዝግታ ነበር። መልሰው አስረው ጉዞ እስኪጀምሩ ድረስ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አለፈ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ሙሉ ጎዳና ውኃ ተቋርጦበት ይጠብቅ ነበር።

ያን መኪና ለዚያ ቡድን የመደብኩት እኔ ነኝ፤ የመደብኩትም እጅግ ጠንካራ ነው ብዬ ባመንኩበት ማስረጃ ነበር። በ2022 መጨረሻ ላይ ለ46 ሾፌሮቻችን መጠይቅ በትኜ 34ቱ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ መንዳት እንደሚፈልጉ መልሰውልኝ ነበር። ውጤቱን በሥዕል አስደግፌ ለኃላፊዎች ሳቀርብ ከሥዕሉ በታች «ፍላጎቱ በግልጽ አለ» ብዬ ጻፍኩ። አሥራ ሁለት መኪኖች ተገዙ፤ ቁልፎቹንም «እፈልጋለሁ» ካሉት መካከል በአገልግሎት ዘመን ቅደም ተከተል አከፋፈልኩ። ፍትሐዊ የሆነ አሠራር መስሎኝ ነበር።

ጋሼ «እፈልጋለሁ» ካሉት አንዱ ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ቢሮ ሲመጡ ስሜታቸውን ላለመንካት እየተጠነቀቅኩ፣ መጠይቁን ሲሞሉ ተጎታቹን አስበውት እንደነበር ጠየቅኳቸው። ሳይቆጡ፣ ረጋ ብለው መለሱልኝ። «ወረቀቱ ‹ትወደዋለህ ወይ?› ነው ያለኝ። እወደዋለሁ። ድምፅ የለውም፤ ወገቤን አያመኝም፤ ዳገት ላይ ጉልበቱ ያስደንቃል። ምን እንደምጎትት የጠየቀኝ ሰው ግን የለም።»

ቢሮው ባዶ ከሆነ በኋላ መጠይቁን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። አሥራ አንድ ጥያቄዎች ነበሩት። ስለ ምቾት፣ ስለ አካባቢ ጥበቃና ቤት ድረስ ወስዶ ቻርጅ ስለማድረግ ፈቃደኝነት ይጠይቃል። በሳምንት ስንት ቀን ተጎታች እንደሚታሰር፣ ተጎታቹ ምን ያህል እንደሚመዝን፣ መኪናው የት እንደሚያድር የሚጠይቅ አንድም መስመር የለበትም።

ይህን ስሕተት ያን ጊዜ ገበያው ራሱ በትልቁ ይሠራው እንደነበር አሁን ይታየኛል። ቴስላ በኖቬምበር 2019 ሳይበርትራክ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ሲያስተዋውቅ መነሻ ዋጋው 39,900 ዶላር እንደሚሆን አስታውቆ በ100 ዶላር ተመላሽ ክፍያ ወረፋ ያስይዝ ነበር፤ የቴስላ ኃላፊ ኢሎን መስክም በ2023 ወረፋ የያዙት ከአንድ ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ተናግሯል። ፎርድ በሜይ 2021 ኤፍ-150 ላይትኒንግ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ይዞ ሲቀርብ መነሻው 39,974 ዶላር ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወረፋ መቀበሉን ሲያቆም ወደ 200,000 የሚጠጋ ሰው ተመዝግቦ ነበር። የእኔም ዕቅድ በመግቢያው ላይ እነዚህን ቁጥሮች ጠቅሷል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ሌላ ነው። የላይትኒንግ መነሻ ዋጋ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ በማርች 2023 ወደ 59,974 ዶላር ደረሰ፤ በጁላይ ደግሞ ወደ 49,995 ዝቅ አለ። ሳይበርትራክ በኖቬምበር 2023 ለገዢዎች መሰጠት ሲጀምር የተነገረው ዝቅተኛ ዋጋ 60,990 ዶላር ነበር። ላይትኒንግ በ2023 በአሜሪካ የተሸጠው 24,000 ያህል፣ በ2024 ደግሞ 33,500 ያህል ነው። ቴስላ በማርች 2025 እስከ ፌብሩዋሪ የተመረቱትን ሳይበርትራኮች ለጥገና ሲጠራ ቁጥራቸው 46,000 አካባቢ መሆኑ ታወቀ። ጋሼ በደወሉልኝ በዚያው ጃንዋሪ ፎርድ በሚሺጋን ግዛት ዲርቦርን ከተማ ያለውን የላይትኒንግ ፋብሪካ ወደ አንድ ፈረቃ እንደሚያወርድ አስታውቆ ነበር። መቶ ዶላር ወረፋ ይገዛል እንጂ መኪና አይገዛም። የእኔ ሾፌሮች መልስ ደግሞ መቶ ዶላሩንም አላስከፈላቸውም ነበር።

ተጎታቹ ለምን ያን ያህል እንደጎዳን ለኃላፊዎች ሳስረዳ ብዙ የረዳኝ አንድ ስሌት አለ። አንድ ጋሎን ቤንዚን 33.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይይዛል። የላይትኒንግ ትልቁ ባትሪ 131 ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ፣ በውስጡ ያለው ኃይል ከአራት ጋሎን ቤንዚን አይበልጥም ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር የሚያባክነው ጥቂት ስለሆነ በዚያች ኃይል ባዶውን 300 ማይል ያህል መሄድ ይችላል። ይሁን እንጂ ከኋላው ከባድና ቁመተ ረጅም ተጎታች ሲታሰርበት፣ የነፋሱና የክብደቱ ጫና የሚጠይቀው ተጨማሪ ኃይል በሙሉ ከዚያችው ይቀነሳል፤ የሚሄደው ርቀትም በግማሽና ከዚያም በላይ ያጥራል። የቤንዚን መኪናም ተጎታች ሲያስር ነዳጅ የመብላቱ ነገር አይቀርም፤ ነገር ግን ታንከሩ ከሃያ ጋሎን በላይ ይይዛል፤ ተጎታቹን ሳይፈታም በአምስት ደቂቃ ይሞላል። ብርዱ ሲጨመርበት የጋሼ ጉዞ ገና ከግቢያችን ሳይወጣ የተበላሸ ነበር ማለት እችላለሁ፤ ይህን ስሌት አስቀድሞ የመሥራት ኃላፊነቱም የእኔ ነበር።

በሚቀጥለው ወር ጋሼ ሁለት ቅዳሜያቸውን ሰጡኝ። በእያንዳንዱ መኪና ላይ ያለው መከታተያ መሣሪያ የሦስት ወር መረጃ ይዞ ነበር። መረጃው በቀን ስንት ማይል እንደተነዳ፣ ተጎታች የታሰረባቸውን ቀናትና መኪናው ያደረበትን ቦታ ያሳያል። ጋሼ የቡድኖቹን ሥራ በቃላቸው ስለሚያውቁ መከታተያው የማያየውን ይነግሩኝ ነበር። ከ46ቱ መኪኖች 19ኙ በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ ይጎትታሉ። የቀሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ70 ማይል በታች ሄደው ማታ ወደ ግቢያችን ይመለሳሉ። ከገዛናቸው አሥራ ሁለት ውስጥ አምስቱን የሰጠሁት ለጎታቾቹ ነበር። ሌሎች ሦስት ደግሞ ቻርጅ ማድረጊያ በሌለው የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ በሚኖሩ ሾፌሮች እጅ ስለነበሩ፣ ጠዋት ሥራ የሚጀምሩት ባትሪያቸው ተጋምሶ ነበር።

ቁልፎቹን መለዋወጥ የጀመርነው በዚያ ሰሞን ነው። ከሁሉ የማልረሳው የቫልቭ ተቆጣጣሪያችንን ነው። መጠይቁ ላይ «አልፈልግም» ብላ፣ ጎኑ ላይም «ያለኝ መኪና ይበቃኛል» ብላ ጽፋ ነበር። የእርሷ ቀን 55 ማይል ያህል ነው፤ በየጉድጓዱ እየቆመች ውኃውን በፓምፕ አውጥታ ቫልቩን ትመረምራለች። ለፓምፑ የሚሆነውን ጄኔሬተር በቀን ስምንት ጊዜ ያህል ከካሶኒው ታወርዳለች፣ መልሳም ትጭናለች። አዲሱን መኪና በወሰደች በሦስተኛው ቀን አብሬያት ወጣሁ። የካሶኒውን በር ከፍታ የፓምፑን ገመድ ጎኑ ላይ ካለው ሶኬት ሰካች፤ ፓምፑ ተነሣ፤ ከፓምፑ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም። ጄኔሬተሩ ያለበት ቦታ ባዶ ነበር። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጥቂት ቆመችና «ይህን ማንም አልነገረኝም» አለችኝ። ልክ ነበረች። እኔ የነገርኳት ስለ ጭስና ስለ አየር ንብረት ነበር።

ግቢያችን ውስጥ የነበረው የመሠረተ ልማት ጉዳይም በዚያው መረጃ ተቃለለ። ትልልቅ ቻርጀሮችን ለመትከል አዲስ ትራንስፎርመር እንጠብቅ ነበር፤ ተራችን ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ እንደሚወስድ ተነግሮን ነበር። በቀን 70 ማይል የሚሄድ ፒክአፕ የሚፈልገው ግን 35 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ አሥር ሰዓት ቆሞ ለሚያድር መኪና 3.5 ኪሎዋት የሚሰጥ የ240 ቮልት ሶኬት ይበቃዋል። ለብርድና ለብክነት መጠባበቂያ ጨምረን አነስተኛ ቻርጀሮችን በነበረው መስመር ላይ ተከልን።

ለሥራ ለሚውል የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ እስከ 7,500 ዶላር ይሰጥ የነበረው የፌዴራል የግብር ቅናሽ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 እንደሚያበቃ ሲታወቅ፣ ኃላፊዎቻችን ሳይዘገይ ሃያ መኪና እንግዛ አሉ። የሥራ መዝገቡን ከፍተን ለስምንት ብቻ ተስማሚ ቦታ እንዳለ አሳየናቸው፤ ስምንት ገዛን። በዚያው ሴፕቴምበር ራም የተባለው መኪና አምራች ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ የሆነውን 1500 ፒክአፕ የማምረት ዕቅዱን ሰረዘ፤ በዲሴምበር ደግሞ ፎርድ ላይትኒንግን በነበረበት መልክ ማምረቱን አቁሞ ባትሪውን የሚሞላ የቤንዚን ጄኔሬተር ወዳለው ዓይነት እንደሚሸጋገር አስታወቀ።

ጋሼ ዜናውን ከእኔ ቀድመው ሰምተዋል። አሁን በናፍጣ ፒክአፕ ይጎትታሉ፤ የአዲሱ መጠይቅ የመጀመሪያ ጥያቄ ግን በእርሳቸው እጅ የተጻፈ ነው፤ «ባለፉት 30 ቀናት ስንት ቀን ተጎታች አሰርህ? ክብደቱስ ስንት ነበር?» ይላል። ጄኔሬተር ያለው ፒክአፕ ለሙከራ ሲመጣ ቀድሜ እንድነግራቸው አስጠንቅቀውኛል። «ባዶውን አታሳየኝ» ብለውኛል፤ «ኤክስካቫተሩን ጭኜ፣ በጃንዋሪ ነው የምሞክረው።»