ሃይሩፍን ቤት አድርጎ እንጦጦና ሱሉልታ

አሜሪካኖች ቤት በሆነ መኪና እየዞሩ የድሮ ታሪካዊ ቦታና የቤዝቦል ሜዳ ያያሉ፣ እኛ ደሞ ቤዝቦል ባይኖረንም ሩጫ አለን ብለን የአጎቴን ሃይሩፍ የኋላ ወንበር አውጥተን ፍራሽ አነጠፍንበት፣ ጀበናና ቡታጋዝ ጭነን ወጣን።

መጀመሪያ እንጦጦ። ማርያም ቤተክርስቲያን ምኒልክ በ1882 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑባት ናት፣ ግቢው ውስጥ ሙዚየም አለ፣ የሳቸው የድሮ ቤተ መንግሥትም እዛው ነው፤ እንጨትና ጭቃ፣ ነጭ የተቀባ፣ እውነት ለመናገር የንጉሥ ቤት አይመስልም፣ እኔ ግን ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው። እኛ ዳገቷን ስንወጣ ትንፋሽ አጥሮን ቆመናል፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ያሉት ሯጮች ደሞ እየተጫወቱ ያልፉናል ባካችሁ!

ከዛ በጎጃም መንገድ ቁልቁል ሱሉልታ፣ የቀነኒሳ መሮጫ ትራክ ያለበት። ከፍታው ወደ 2700 ሜትር ነው፣ ኦክስጅኑ ስለሚያንስ ሰውነት ቀይ የደም ሴል ያበዛል፣ ለዚህ ነው የውጭ ሯጮች ሳይቀሩ እየመጡ እዚህ የሚሰነብቱት።

ማታ ፍራሹ ላይ ወሬው ሁሉ አበበ ቢቂላ ሆነ። ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2:15:16 የገባው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነው፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማለት ነው እኮ፣ ይሄንን ለምን በየዓመቱ እንደማናወራው አይገባኝም። አፈትልኮ የወጣው ደሞ ጣሊያን ወስዳ ያቆመችው የአክሱም ሐውልት አካባቢ ሲደርስ ነው። መቃብሩ ቅዱስ ዮሴፍ ነው፣ ነገ እዛ ነን፣ ናፍጣ ከተገኘ።