ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ያለ ዓሣ

የታችኛው መንጋጋዬ ጥርስ ከተነቀለ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። እብጠቱ ጎድሏል፤ ሆዴ ግን እንደባሰው አለ። አጥሚት መጠጣት ሰልችቶኛል። ምላሴ ሳላዝዘው እየሄደ ባዶውን ጉድጓድ ይዳስሳል። አንዲት ጥርስ ስትጎድል ሰው ይህን ያህል ይከፋዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ጠዋት ታላቄ መጣች። «ዓሣ ለስላሳ ነው፤ እሱን እንኳ ቅመሺ» ብላ ከጣና ሐይቅ ዳር የገዛቻቸውን ሁለት ነጭ ዓሦች ሳፋ ላይ አስቀምጣልኝ ወደ ሥራዋ ሮጠች። ቅርፊታቸውን ልፍቅ ቢላዋ አነሣሁ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጣቴን አንደኛው አፍ ውስጥ አስገብቼ ጥርስ ፈለግሁ። የለም። ከላይም ከታችም እንደ ሕፃን ድድ ልሙጥ ነው።

ነገሩን ድሮም አውቀዋለሁ። አባባ የዓሣ ራስ ሲበላ ማንም አያናግረውም ነበር። በመጨረሻ ከጉሮሮው አካባቢ እንደ ማጭድ የጎበጠች አጥንት ያወጣና፣ የተደረደሩትን ጥርሶች በአውራ ጣቱ እያሳየ «የሚያኝከው እዚህ ነው» ይለን ነበር። እውነቱን ነበር። ነጭ ዓሣ ካርፕ የሚባለው ዓሣ ዘመድ ነው፤ የዚያ ወገን ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ አያበቅሉም። ጥርሳቸው ከስንጥባቸው ኋላ ነው። የገባላቸውን ምግብ ከራስ ቅላቸው ሥር ካለ ጠንካራ ንጣፍ ጋር እያጋጩ ያደቅቁታል። ጨጓራም የላቸውም፤ ከጉሮሮ ቀጥሎ አንጀት ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኛኋቸው። ገበያ ላይ አንድ ስም አላቸው፤ አፋቸው ግን ጨርሶ አይመሳሰልም። የአንዱ አፍ ትንሽና ወደ ታች የዞረ፣ ከንፈሩም ወፍራም ነው፤ በድንጋይ መካከል የነፍሳት እጭ እየፈለገ የሚለቅም አፍ ነው። የሌላው ራስ ረጅም ነው፤ አፉም ሰፊና ወደ ፊት የሚከፈት። ይህኛው ዓሣ በል ነው።

በ1990ዎቹ ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ጣና ውስጥ ከእነዚህ ትልልቅ ዓሦች 15 ዓይነት ለይተዋል። 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። ይህን ቁጥር ባሰብኩት ቁጥር እደነቃለሁ። ጥርስ የሌለው አፍና ጨጓራ የሌለው ሆድ ይዞ አዳኝ መሆን! ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ዕድል የሚሰጣቸው አይመስለኝም። ጢስ ዓባይ ግን 40 ሜትር ያህል የሚወረወር ፏፏቴ ነው፤ ከታች የሚመጣ ዓሣ አይወጣውም። በታችኛው ዓባይ የሚኖረው ታላቁ አዳኝ ናይል ፐርች ጣና አልደረሰም። ሐይቁ ውስጥ አምባዛ ቢኖርም የአዳኙ ቦታ በአብዛኛው ክፍት ነበር፤ ጥርስ አልባው ገባበት።

የሚይዘውም በመሳብ ነው። አፉን በቅጽበት ሲከፍት የላይኛው መንጋጋው ወደ ፊት ይወጣል፣ ጉንጩና ጉሮሮው ይሰፋሉ፣ ውኃው ትንሿን ዓሣ ይዞ ወደ ውስጥ ይጎርፋል። ነክሶ መቁረጥ ስለማይችል በጉሮሮው የማታልፍ ዓሣ ምግቡ አይደለችም። አፉ ምንም ያህል ሰፊ ቢሆን የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው ያቺ ጠባብ በር ናት።

በጎርጎራ ስም የተጠራው ዓይነት ደግሞ ቀንድ አውጣ ይበላል። የጉሮሮው አጥንት ወፍራም ነው፤ ጥርሶቹም የእኛን መንጋጋ ጥርስ ይመስላሉ። ረጅም መንጋጋ ጫፉ ላይ ፈጣን ነው፣ ኃይሉ ግን ትንሽ ነው፤ ብርታቱ ያለው ማጠፊያው አጠገብ ነው። ሽምብራ ቆሎ የቆረጠመ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ጠንካራዋን ፍሬ ወደ ኋላ የምንገፋት ለዚህ ነው። የእኔ የተነቀለችው ያቺ የኋለኛዋ ናት።

እነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። በወንዙ አፍ መረብ ይጠብቃቸዋል። እንቁላሏን ሳትጥል የተያዘች ዓሣ ሳይ ያመኛል። ይህ ሁሉ ዓይነት አፍ የተሠራው እዚህ አንድ ሐይቅ ውስጥ ነው፤ ከዚህ ከጠፋ የት ይገኛል?

ሌላም የማይለቀኝ ነገር አለ። ትንንሽ ሳሉ አንዱን ከሌላው መለየት አስቸጋሪ ነው፤ አፋቸው የሚለያየው ሲያድጉ ነው። ታዲያ በጥንት ዘመን አንዱ ዓሣ ጓደኛውን ለመዋጥ መጀመሪያ ሲሞክር አፉ ቀድሞ ሰፍቶ ነበር? ወይስ በማይመች አፍ እየታገለ የዋጠ፣ ልጆቹም እየታገሉ የዋጡ፣ ከመካከላቸው ሰፊ አፍ ያለው እየተረፈ ነው እዚህ የደረሱት?

ታላቄ ለምሳ ስትመለስ ዓሦቹ አልተጠበሱም። እኔ በትንሿ ቢላዋ የአንዱን የጉሮሮ አጥንት አውጥቼ በውኃ እያጠብኩ ነበር። ከእጄ ወሰደችና ጥርሶቹን በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻቸው።

«አባባ ይህን ሁልጊዜ ለእኔ ነበር የሚሰጠኝ» አለች።

ለእኔ ነበር የሚሰጠው። እርግጠኛ ነኝ። እሷም እርግጠኛ ናት።