ወደ ኋላ ያልገለጥኩት ደብተር

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የግል ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ ስሠራ፣ ለዘመድ ጥየቃ ከውጭ አገር የመጡ አንዲት በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ እናት ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ወደ ክፍሌ ገቡ። ከአራት ዓመት በፊት በሚኖሩበት አገር የሁለቱም ሳንባ ንቅለ ተከላ ተደርጎላቸዋል። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ዓመታት ቢቆጠሩም የሳንባ ግን አይደረግም፤ ስለዚህ በማዳመጫዬ የተተከለ ሳንባ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቅሬታቸው አጭር ነበር። አሞራ ገደል አካባቢ በሐይቁ ዳር ሲራመዱ፣ መንገዱ ሜዳ ሆኖ ሳለ፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ደረቅ ሳልም አለ። ትኩሳት የለም፣ ራጁ ንጹሕ ነው። ከቦርሳቸው ትንሽ የትንፋሽ መለኪያና ጠርዙ የተላላጠ ሰማያዊ ደብተር አወጡ። በአንድ ሰከንድ ውስጥ በኃይል የሚያስወጡትን አየር በሊትር እየለኩ በየማለዳው ይጽፋሉ። የመጨረሻውን ገጽ አየሁ፤ 1.71፣ 1.73፣ 1.70 ይላል። ቁጥሩ አልተዋዠቀም ብዬ ደስ አለኝ።

«ዶክተር፣ ከፍታው ይሆን እንዴ? እኔ የምኖረው ከባሕሩ እኩል በሆነ ከተማ ነው» አሉኝ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ነገሩ አሳማኝ መሰለኝ። ከፍታ ትንፋሽ ሊያሳጥር ቢችልም በኃይል የሚወጣውን አየር መጠን እንደማይቀንስ በዚያች ሰዓት ማስታወስ ነበረብኝ። የአስም ፓፍ አዝዤ በሁለት ሳምንት እንዲመለሱ ነገርኳቸው።

ሲመለሱ ብሶባቸው ነበር። የመከላከል አቅማቸው በመድኃኒት የተዳከመ ሰው በእኛ አገር ሲያስል ሐሳባችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቲቢ ነው፣ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። የአክታው ጂን ኤክስፐርት ምርመራ ከቲቢ ነጻ ቢያሳይም፣ በምልክቶቹ ብቻ ተመሥርቼ ሕክምናውን ልጀምር ማዘዣውን ጻፍኩ። ፋርማሲስታችን ወረቀቱን ይዞ መጣና በሩ ላይ ቆሞ «ታክሮሊመሱንስ ምን ልታደርገው ነው?» አለኝ። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን በጉበት ውስጥ ታክሮሊመስን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችን ስለሚያበዛ፣ ሳንባቸውን ከራሳቸው ሰውነት የሚጠብቅላቸው መድኃኒት በደማቸው ውስጥ በቀናት ልዩነት እጅግ ይወርድ ነበር። ማዘዣውን ቀደድኩት።

በዚያው ምሽት ንቅለ ተከላውን ወዳደረገላቸው ማዕከል ደወልን። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ራጁም ስለ ሳሉም አልነበረም፤ ከንቅለ ተከላው በኋላ ከሁሉ የተሻለው ቁጥራቸው ስንት እንደነበር ነበር። ደብተሩን ወደ ኋላ መግለጥ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በተለያዩ ወራት 2.43 እና 2.39 ተጽፏል፤ አማካዩ 2.41 ነው። ከዚያ በእርሳስ «ጉንፋን» የሚል ቃል የተጻፈበት ገጽ አለ፤ ከእሱ ወዲህ 2.30፣ 2.11፣ 1.94 እያለ ይወርዳል። ይህ ሁሉ አውሮፕላን ከመሳፈራቸው ሁለት ወር በፊት ነው። ከምርጡ 20 በመቶ ወርዶ በዚያው መቅረቱ ብቻውን ሥር የሰደደ የተተከለ ሳንባ መዳከምን ያስጠረጥራል፤ የእሳቸው ወደ 30 በመቶ ተጠግቷል።

ለምን ራጁ ንጹሕ እንደሆነ የገባኝ ከዚያ በኋላ ሳነብ ነው። የተተከለ ሳንባ የለጋሹን ማንነት የሚናገሩ ኤችኤልኤ የተባሉ ፕሮቲኖችን ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ቲ ሴሎች የተባሉት የተቀባዩ ነጭ የደም ሕዋሳት እነዚህን ፕሮቲኖች በለጋሹ ሕዋሳት ላይ በቀጥታ አይተው ይነሣሉ፤ ለዓመታት የሚዘልቀው ግን ሌላው መንገድ ነው። ከተተከለው ሳንባ የሚራገፉትን ፕሮቲኖች የተቀባዩ የራሱ ሕዋሳት አንሥተውና ቆራርጠው ለቲ ሴሎች ያሳያሉ፤ ቲ ሴሎቹም ቢ ሴሎችን አግዘው በለጋሹ ላይ ያነጣጠሩ ፀረ እንግዳ አካላት እንዲመረቱ ያደርጋሉ። ሳንባ ደግሞ እንደ ኩላሊት ተከልሎ የሚኖር አካል አይደለም። በየትንፋሹ ከውጭ አየር ጋር ይገናኛል፤ ተራ የጉንፋን ቫይረስ ወይም ከጨጓራ ወደ ላይ የሚመለስ አሲድ የአየር ቧንቧዎቹን ሽፋን በላጠ ቁጥር መከላከያው እንደገና ይቀሰቀሳል። ጉዳቱ እንደ ዓይነት 5 ኮላጅን ያሉ፣ በጤና ጊዜ ተሸፍነው የሚኖሩ ፕሮቲኖችን ሲያጋልጥም ጥቃቱ ከለጋሹ ምልክት አልፎ ሰው ሁሉ በሚጋራው ፕሮቲን ላይ ይዞራል። ኢንተርሉኪን 17 የተባለው መልእክተኛ ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳትን ይጠራል፣ ቲጂኤፍ ቤታ የተባለ ሌላ መልእክተኛ ጠባሳ ሠሪ ሕዋሳትን ያነሣሣል፣ ከ2 ሚሊ ሜትር የጠበቡት የአየር ቧንቧዎችም ከውስጥ በጠባሳ ይደፈናሉ። ከእነሱ ወዲያ፣ በጫፋቸው ያሉት የአየር ከረጢቶች አየር እንደያዙ ስለሚቆዩ ራጅ ላይ ጥላ አይታይም። ታካሚው አየሩን ሲያስወጣ በሚነሣ ሲቲ ስካን ላይ የታፈነው አየር ይታያል፤ ከሳንባው ተቆርጦ በሚወሰድ ናሙና ግን ጠባሳው እዚህም እዚያም ስለሚሆን ብዙ ጊዜ ያመልጣል።

በዚያው ሳምንት ተሳፍረው ተመለሱ። ኢንፌክሽን እንደሌለ በብሮንኮስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ወደ ሳንባ በማስገባት፣ ተረጋገጠ፣ በደማቸውም በለጋሹ ላይ ያነጣጠሩ ፀረ እንግዳ አካላት ተገኙ። አዚትሮማይሲን በሳምንት 3 ቀን ተጀመረላቸው፤ ይህ መድኃኒት እዚህ ላይ የሚሰጠው ባክቴሪያ ለመግደል ሳይሆን የኒውትሮፊሎቹን እብጠት ለማብረድ ነው፣ የሚጠቅመውም ከፊሎቹን ታካሚዎች ብቻ ነው። አንዴ በጠባሳ የተዘጋ ቧንቧ ተመልሶ አይከፈትም፤ እኔ ጋ ያለፉት ሳምንታት ስንት ቧንቧ እንዳዘጉ ማንም ሊነግረኝ አይችልም፣ ይህም እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

በጥር ወር ወንድማቸው ሆስፒታል መጥቶ በስልኩ የደብተሩን አዲስ ገጽ ፎቶ አሳየኝ። 1.66፣ 1.68፣ 1.65 ይላል። ከገጹ ራስ ላይ፣ ከቀኑም በላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ 2.41 ብለው ጽፈው አስምረውበታል።